ዲፈረንሻሉን ማን ይለካው?

ደራ ላይ ለባለመኪናዎች፣ ለሾፌሮችና ለጋራዥ ሠራተኞች የተዘጋጀ ዲስኩር



የዛሬው ርዕሴ ከመኪናችሁ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ የሚውል፣ ካልጮኸ በቀር ማንም የማያስታውሰው ብረት ነው፤ ዲፈረንሻል። ሻይ ቤት ውስጥ ይህ ወሬ ሲነሳ አካሄዱ ይታወቃል። አንዱ "ዲፈረንሻሌ መጮኽ ጀምሯል፤ ግቢዬ አውርጄ ልፍታው ወይስ አዳማ ጋራዥ ላስገባው?" ይላል። ከጎኑ ያለው "ምን አላት! ዛፍ ሥር ይፈታል፤ የአጎቴን አይሱዙ እኔው አይደለሁ የሠራሁት" ይላል። ሦስተኛው ጣልቃ ይገባና "ኧረ እንዳትነካው፤ ዲፈረንሻል አንዴ ከተፈታ እንደ ድሮው አይሆንም" ብሎ ያስፈራራዋል። ክርክሩ የሚያልቀው ሻዩ ሲያልቅ ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ቤት ይሠራ ወይስ ጋራዥ የሚለው ጥያቄ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ይጠይቃል። ዲፈረንሻል ቦታ አይመርጥም፤ የሚፈልገው ልክ ነው። ዛፍ ሥር በልኩ የተገጠመ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ ባማረ ጋራዥ በግምት የተገጠመ አሰላ ሳይደርስ ይጮኻል። ስለዚህ ማን ይለካዋል፣ በምንስ ይለካዋል የሚለውን እናውራ።

ጉዳዩ ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ መታቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ በአዳማና በአሰላ መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ያለው ሰው ሌላ እለውጣለሁ ብሎ አያስብም፤ ያለውን ማኖር ነው። "ኤሌክትሪክ ሲመጣ ከዚህ ሁሉ እንገላገላለን" የሚል ካለ ደግሞ ይስማኝ፤ አንድ ሞተር ሁለት ጎማ እስካዞረ ድረስ የኤሌክትሪክ መኪናም ዲፈረንሻል አለው።

ሥራውን በአጭሩ ልለፈው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 1 ሜትር ከ50 አለ ብንል፣ አዳማ ላይ አንድ አደባባይ ሙሉ ዙር ስትዞሩ የውጪው ከውስጡ 9 ሜትር ከ40 ያህል ይበልጣል። አደባባዩ ትልቅም ይሁን ትንሽ ልዩነቱ ያው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ቢታሰሩ አንዱ አስፋልቱን እየፋቀ በተጎተተ ነበር። ይህን የፈታው ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ሠረገላ ያሰበው መላ ነው። የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ዐፄ ምኒልክ ሲያዩት፣ የፔኬር መላ 80 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ሁለተኛው ሥራው ጉልበት ማብዛት ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ፒኞኑን ያዞራል፤ ፒኞኑ ኮሮናውን ያዞራል። እዚህ አካባቢ ከምናያቸው የአይሱዙ ኤንፒአር መኪኖች ብዙዎቹ ኮሮናቸው 41፣ ፒኞናቸው 7 ጥርስ ነው። ፒኞኑ 6 ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ኮሮናው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። 40 ለ7 ወይም 42 ለ7 ለምን አልሆነም ትሉ ይሆናል። 42 ቢሆን ኖሮ የፒኞኑ አንድ ጥርስ ሁልጊዜ የሚያገኘው እነዚያኑ 6 የኮሮና ጥርሶች በሆነ ነበር። 40 ይሠራል፤ 41ም ይሠራል። ቁም ነገሩ ሁለቱ ቁጥሮች የጋራ አካፋይ እንዳይኖራቸው ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ጥርስ በተራ ከሁሉም ጋር ይገናኛል፣ ስለዚህም እኩል ይበላል። መሐንዲሶቹ ይህን ያህል ተጨንቀውበታል።

ጥርሱ ጠመዝማዛ ነው፤ ፒኞኑም ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ይገባል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካው ፓካርድ መኪና ላይ ገብቶ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ጸጥታና ጥንካሬ ሰጠን፤ ዕዳም አመጣብን። ጥርሶቹ ተንከባልለው ብቻ አይለያዩም፣ እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ። ተራ ዘይት ይህን ፍትጊያ አይችልም። ጣሳው ላይ ጂኤል 5 የሚል ጽሑፍ የሚፈለገው ለዚህ ነው። "ዘይት 90 ስጠኝ" ብሎ መግዛት በቂ አይደለም፤ 90 ውፍረቱን እንጂ ጥርሱን የሚጠብቀው መድኃኒት መኖሩን አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተፋትገው የተላመዱ ጥንዶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። "ፒኞኑ ብቻ ነው የተበላው፣ እሱን ብቻ ልግዛ" የሚል ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ለማውጣት ወስኗል።

አሁን ወደ እናንተ መንገድ ልምጣ። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ አሰላ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። ደራን አልፋችሁ በኢተያ በኩል ስትወጡ ፒኞኑ ኮሮናውን በአንደኛው የጥርስ ጎን ይገፋል። ስንዴ ጭናችሁ በማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ደግሞ ጎማው ሞተሩን ስለሚገፋ የሚሠራው የጥርሱ ሌላኛው ጎን ነው። ዳገቱ አንዱን ጎን ይመረምራል፣ ቁልቁለቱ ሌላውን። ባህር ማዶ ያለ መካኒክ ለዚህ ምርመራ ተራራ ፍለጋ ይሄዳል፤ እናንተ በራችሁ ላይ አላችሁ።

ስለዚህ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይቅደም። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ ቀጭን ፉጨት የሚያሰማ ከሆነ ጥርጣሬው በሚገፋው የጥርስ ጎንና በፒኞኑ አቀማመጥ ላይ ነው። ነዳጅ ስትለቁ፣ ቁልቁለት ላይ የሚጮኽ ከሆነ የፒኞኑ ኩሽኔታ ላልቶ ይሆናል። ነዳጅ ብትሰጡም ባትሰጡም የማይለወጥ፣ ከፍጥነት ጋር የሚወፍር ጉርምርምታ የኩሽኔታ ነው፤ የዲፈረንሻል ኩሽኔታ መሆኑን ግን ገና አላረጋገጣችሁም። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ዝም ብሎ ስትታጠፉ ብቻ የሚንኳኳው በዲፈረንሻሉ ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች ናቸው። ማርሽ ስታስገቡ "ጓ" የሚለውስ? እሱ ከዲፈረንሻል ይልቅ ብዙ ጊዜ የረጅሙ ዘንግ መገጣጠሚያ ነው።

ይህን የማስረዝመው ብዙ ዲፈረንሻል በሐሰት ተከሶ ስለሚፈታ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ያጉረመርማል፣ ዲፈረንሻሉ ይወቀሳል። ያለ አግባብ የተበላ ጎማ ይጮኻል፣ ዲፈረንሻሉ ይወቀሳል። የኋላውን ጎማ ወደ ፊት አዛውሩና ሂዱ፤ ድምፁ አብሮ ከሄደ ነገሩ የጎሚስታ ነው። ጤነኛ ዲፈረንሻል ተፈትቶ በግምት ሲገጠም፣ በሽታ ያልነበረበት በሽተኛ ሆኖ ይወጣል። ያ ሻይ ቤት ያለው ሦስተኛ ሰው የሚያስፈራራው ከዚህ ተነስቶ ነው፣ ያየውን ነው የሚናገረው።

እሺ፣ ቤት ምን ይሠራል? ዲፈረንሻልን ከሞት የሚያድነው ሥራ ከሞላ ጎደል ሁሉም የግቢ ሥራ ነው። ዘይት ማየትና መቀየር፣ መፍሰሻውን መከታተል፣ መተንፈሻውን ማጽዳት። መተንፈሻ ያልኩት የኋላ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ድልድይ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ቆብ ነው፤ አንዳንዱ መኪና ላይ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ትወጣለች። ዲፈረንሻል ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። አየሩ በዚያች ቀዳዳ ካልወጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። የስምጥ ሸለቆን አቧራ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አቧራው ከዘይት እርጥበት ጋር ሲቦካ ቆቧን እንደ ሲሚንቶ ይዘጋታል። ከዚያ ባለመኪናው ኦይል ሲል ያስቀይራል፣ ደግሞ ያፈሳል፣ ደግሞ ያስቀይራል፣ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። ዕቃው ምንም አልሆነም፤ መኪናው ትንፋሽ አጥቷል። በጎን በኩል የሚያፈስ ኦይል ሲልማ ከዘይት መባከን በላይ ነው፤ ዘይቱ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል፣ ቁልቁለት ላይ ስትረግጡት መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ዘይት ስትቀይሩ አስቀድማችሁ የላይኛውን መሙያ ፍቱ። የታችኛውን ፈትታችሁ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ፣ መኪናው ካለበት አይንቀሳቀስም። የታችኛው መክፈቻ ማግኔት ካለው አገላብጣችሁ እዩት። እንደ ግራሶ የለሰለሰ ጥቁር ብናኝ ቢይዝ የዕድሜ ነው። በጥፍር የሚነሳ ስብርባሪ ካለበት ግን ጉዞ አበቃ። የወጣውን ዘይት ጓሮ አትድፉት። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት መቀቢያ የሚያደርጉት አሉ፤ ከውኃ ጉድጓድ እስከራቀ ድረስ ከመድፋቱ ይሻላል።

ጎማም የግቢ ሥራ ነው። በአንድ ድልድይ ላይ በግራ አዲስ ጎማ፣ በቀኝ ያለቀ ጎማ ያሰረ ሚኒባስ ቀጥ ባለው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ እንኳ እየታጠፈ ነው የሚሄደው። ለመታጠፊያ ብቻ የታሰቡት ትንንሽ ጥርሶች ቀኑን ሙሉ ይፈጫሉ። ክረምት መረሬ ውስጥ ሲገባስ? አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ሲሽከረከር፣ የሚሽከረከረው ከኮሮናው በእጥፍ ፍጥነት ይዞራል። ሾፌሩ ነዳጅ እየረገጠ ጭቃውን ሲያርስ፣ እነዚያ ትንንሽ ጥርሶች በተሸከማቸው ዘንግ ላይ ዘይት አጥተው ይቃጠላሉ። ወርዶ ድንጋይና ቅጠል ማንጠፍ ርካሽ ጥገና ነው። የትራክተር ሾፌሮች ለዚህ ሁለቱን ጎማ የሚያስተሳስር ፔዳል አላችሁ፤ እሱን ረግጣችሁ ግን አትታጠፉ።

አሁን ቤት የሚያቆምበት ደርሰናል። ኮሮናና ፒኞን ሲገጠሙ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል ይጠጋ የሚለው ከኋላው በሚገባ ስስ የብረት ቀለበት ይወሰናል። የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ምን ያህል ይጥበቁ? ኮሮናው በግራና በቀኝ የት ይቁም? በሁለቱ ጥርሶች መካከል ምን ያህል ጨዋታ ይቅር? በብዙ የቶዮታ ዲፈረንሻሎች ላይ ማንዋሉ የሚጠይቀው ጨዋታ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት የራስ ፀጉር ጎን ለጎን ብታስቀምጡ እዚያ ገደማ ናችሁ። በጣቱ እየነቀነቀ "ትንሽ አለው፣ ይበቃዋል" የሚል ሰው በ0.15 እና በ0.35 መካከል ያለውን ልዩነት ሊለይ አይችልም፤ ኮሮናው ግን ይለየዋል። ይህን የሚያየው ዳያል ጌጅ ነው፤ ያውም ኮሮናውን እያዞሩ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ነው የሚለካው።

ከልኬቱ በኋላ ጥርሱ ራሱ ይጠየቃል። ኮሮናው ላይ ቀለም ቀብታችሁ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታዞሩት ፒኞኑ የነካበት አሻራ ይቀራል። አሻራው በጥርሱ አናት ላይ ከሆነ ፒኞኑ ርቋል፤ ከኋላው ያለው ቀለበት መወፈር አለበት። ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ፒኞኑ ከመጠን በላይ ገብቷል፤ ቀለበቱ ይሳሳ። አንድ ቀለበት ለመቀየር ኩሽኔታውን በፕሬስ ማውጣት፣ ቀይሮ መመለስ፣ እንደገና መለካት ነው። ትክክለኛው አሻራ እስኪመጣ ይህ ይደጋገማል። ዲፈረንሻል የሚያስከፍለው ለዚህ ትዕግሥት ነው። ፕሬስ የሌለው ሰው ኩሽኔታውን በመዶሻና በቺዝል ያወጣዋል፤ አንዴ ያወጣውን ደግሞ ለመለካት ብሎ ሁለተኛ አያወጣውም። በመጀመሪያው ግምት ይዘጋዋል።

የፒኞኑ ጥብቀት ሌላ ጣጣ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨመቀ የሚያጥር ቀለበት አለ። አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም፤ አገልግሎቱ የአንድ ጊዜ ነው። ዳዶው ከልኩ በላይ ከጠበቀ መፍትሔው ማላላት ሳይሆን ቀለበቱን ጥሎ አዲስ ማስገባት ነው። አሮጌውን ቀለበት መልሶ አግብቶ፣ ዳዶውን በረጅም ቱቦ እየጎተቱ "እንዳይፈታ" ማጥበቅ በአገራችን የዲፈረንሻል ገዳይ ቁጥር አንድ ነው ብል አላጋንንም። ከልክ በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ ሰማያዊ ሆኖ ይቃጠላል። የላላው ደግሞ በጭነት ጊዜ ፒኞኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሰዋል፤ ስንት የተደከመበት የጥርስ አሻራ ያኔ ከንቱ ይቀራል። አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌው የበለጠ ጥብቀት እንደሚፈልግም አትርሱ፤ ለሁለቱ ማንዋሉ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ባለሙያ ጋ ይሂድ" ብዬ መዝጋት ቀላል ነበር። አልችልም፤ ባለሙያ የሚለው ታፔላ ሁሉ ይህን አይሠራም። ይህ አካባቢ ለብረት ሙያ እንግዳ አይደለም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ 70 ዓመት አልፎታል። ካዱ የተባለው የስዊድን ርዳታ ፕሮጀክት በ1960 ዓ.ም. ዋዜማ አሰላ ላይ ከተተከለ በኋላ ትራክተር በጭላሎ እርሻ ተስፋፋ። ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ትራክተር ይገጣጠምባት ነበር። የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ነው የተጀመረው። ጆሯቸው ከማንዋል የማይተናነስ ሽማግሌ መካኒኮች አሉ፤ ፒኞን በእጃቸው አዙረው ጥብቀቱን የሚያውቁ፣ ከልኩ ብዙም የማይስቱ። እነሱን አከብራለሁ። ግን እነሱም ቢሆኑ የጥርስ ጨዋታን በጣት አይለኩም፤ መለኪያ ያወጣሉ። ዳያል ጌጅ የሌለው ጋራዥ ከእናንተ ግቢ የሚለየው በታፔላው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጋራዥ ስትገቡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት "ጨዋታውን በምን ትለካዋለህ፣ ወንድሜ?" በሉት። መለኪያውን አውጥቶ ካሳያችሁ ጥሩ። "ኧረ እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ" ካለ፣ አክብራችሁ ተሰናበቱት። የጥርሱን አሻራ ከመዝጋቱ በፊት ጠርቶ እንዲያሳያችሁ ተስማሙ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ያ የሚጨመቀው ቀለበት አዲስ መሆኑን፣ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ውሰዱ። የሚያኮርፍ መካኒክ ይኖራል፤ ያኩርፍ።

ለብዙዎቻችሁ የምመክረው መንገድ መሐል ላይ ነው። በአይሱዙና በአብዛኞቹ የቶዮታ ሚኒባሶችና ፒክአፖች ላይ ዲፈረንሻሉ ከድልድዩ ተነጥሎ ሙሉ ልቡ በአንድነት ይወጣል። ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ሴሚያሶች ስቡ፣ ረጅሙን ዘንግ ፍቱ፣ ዙሪያውን ያሉትን ዳዶዎች አውጡ፣ ልቡን ይዛችሁ ውጡ። ይህን ግቢ ውስጥ መሥራት ይቻላል። የወጣውን ልብ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፕሬስና ዳያል ጌጅ ወዳለው ሰው ጠረጴዛ መውሰድ ነው። ባለሙያው የሚከፈለው ለልኬቱ ብቻ ይሆናል፤ መኪናችሁም ጋራዥ ደጅ ሳምንት ቆማ ጎማዋ አይተነፍስም። ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጋችሁ፣ ድልድዩን በውስጥ በኩል በናፍጣ አጥባችሁ ትገጥሙታላችሁ። የድሮው ስብርባሪ ድልድዩ ውስጥ ከቀረ አዲሱ ኩሽኔታ ያንን እየበላ ነው ሥራ የሚጀምረው። ነፋስ በሚነሳበት ከሰዓት በኋላ አትገጥሙ፤ የደራ አቧራ ለኩሽኔታ አይራራም። በሚኒባስና በፒክአፕ ላይ ሴሚያስ ለመሳብ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ቱቦ ይፈታል፤ ስትመልሱ የፍሬኑን አየር ሳታወጡ መንገድ አትውጡ። ልቡን ራሱ ለመፍታት የሚደፍር ካለም አንድ ነገር ልለምነው፤ ኩሽኔታዎቹን የሚይዙትን ሁለቱን ኮፍያዎች ከመፍታቱ በፊት ግራና ቀኛቸውን በፑንቶ ይምታባቸው። ቦታ ከተለዋወጡ ልካቸው ይጠፋል።

የግቢ ሥራ የሚገድለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። አይሱዙ ኤንፒአር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን ከበሮ እንጂ ጎማውን አይደለም። ረጅሙን ዘንግ ስትፈቱ ወይም ሴሚያሶቹን ስትስቡ የእጅ ፍሬኑ ከጎማው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ማርሽ ማስገባትም አይረዳም። ያ ከባድ መኪና በዚያች ሰዓት የሚይዘው ነገር የለም፤ እናንተ ደግሞ ሥሩ ተኝታችኋል። ቶዮታ ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማን ነው የሚይዘው፤ የኋላው ከተነሳ የፊቱን የሚያቆመው የለም። ሜዳ ምረጡ። የፊት ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በወፍራም እንጨት ደግፉ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም፤ ከክሪኩ ሌላ የብረት ማቆሚያ ከሌላችሁ ሥር አትግቡ። ብሎኬት ደግሞ ድንገት ይፈረካከሳል፤ ማቆሚያ አይሆንም።

ያገለገለ ሙሉ ልብ ገዝቶ መቀየርም አለ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያልፈረሰ የመኪና ዓይነት የለም። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ፋብሪካው የገጠመው፣ እጅ ያልነካው ልብ በግምት ከተገጠመ አዲስ ጥርስ ይሻላል። ግን ጥርሱን ቁጠሩ። ኮሮናው ላይ የተጻፈውን አንብቡ ወይም ፒኞኑን እያዞራችሁ ኮሮናው አንዴ እስኪዞር ቁጠሩ፤ ከአሮጌያችሁ ጋር እኩል መሆን አለበት። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ላይ የፊትና የኋላው ቁጥር ከተለያየ፣ አራቱንም ጎማ ባያያዛችሁ ቀን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ካምቢዮውን ያፈርሰዋል። ሻጩ ዘይቱን ቢሞላላችሁ ደስ አይበላችሁ። ጩኸት ለመደበቅ ዘይት ውስጥ ሰጋቱራ መጨመር በዓለም ላይ ያረጀ ማታለያ ነው፤ አፍስሱና እዩት።

በፊት ጎማ የሚጎተት ኮሮላና ቪትዝ ያላችሁ፣ ዲፈረንሻላችሁ ካምቢዮ ውስጥ ነው፤ የባጃጅም እንዲሁ። እሱን መፍታት ካምቢዮ መፍታት ስለሆነ ግቢ ውስጥ አትሞክሩት። የዓመት ምርመራ አልፈናል ብላችሁም አትዘናጉ፤ ለቦሎ የሚመረምር ሰው ዲፈረንሻል ከፍቶ አያይም።

አንድ ልመና አለኝ። ዳያል ጌጅ ከነማቆሚያው፣ ቶርክ ሬንችና አነስተኛ ፕሬስ ለአንድ ባለመኪና ውድ ናቸው፤ ደግሞም ለአንድ ሰው በዓመት አንዴ ቢያስፈልጉ ነው። ለዚህ ከተማ ባለመኪናዎች በጋራ ግን በነፍስ ወከፍ የአንድ ሚኒባስ ጎማ ያህል እንኳ አይደርሱም። እቁብ እንደምትጥሉት አዋጡና ግዙ። አጠቃቀሙን በሚያውቅ፣ ሁላችሁም በምትስማሙበት አንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የሙያ ተማሪ ልጆቻችሁም እዚያ ቆመው ይዩ። እስከዚያው ነገ ጠዋት መኪናችሁን ከማስነሳታችሁ በፊት ሥሯ ጎንበስ በሉና የድልድዩን መተንፈሻ በካቻቪቴ ጫፍ አጽዱት።